የሐምሌ መልስ

ጥር ላይ አንዲት ታካሚዬን ስለ ጭንቀት የሚጠይቁ 20 ጥያቄዎች ከቅጽ ላይ ስጠይቃት ሁሉንም «የለም» አለችኝ። ሐምሌ ላይ ያንኑ ቅጽ ይዤ፣ በዚያው ክፍል፣ እዚያው ወንበር ላይ አስቀምጬ ብጠይቃት 14ቱን «አዎ» አለች። በእነዚህ ስድስት ወራት ውስጥ ከቤቷ ሰው አልሞተም፣ የተሰደደባት የለም፣ ገቢዋም አልተቋረጠም። ይህ ልዩነት ከየት መጣ የሚለው ነገር ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም፤ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ስለ እርሷ እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ ማንነቷን የሚያሳውቀውን ነገር ግን ትቻለሁ፣ አንዳንዱንም ለውጫለሁ። እዚህ «እማማ» እላታለሁ፤ በሥራ ላይም የምጠራት እንደዚሁ ነው።

ጥር ላይ የመጣችው ራሷን አሟት ነበር። ካርዷን ገለጥ ገለጥ ሳደርገው በአራት ወር ውስጥ አምስተኛ ጊዜዋ ነው። የደም ግፊቷ ደህና ነው፣ የወባ ምርመራዋ ነጻ ነው፣ ዓይኗም ታይቷል። በየጊዜው የተጻፈላት ፓራሲታሞል ነው። እንዲህ ያለ ካርድ ሲገጥመኝ መሳቢያዬን እስባለሁ፤ እዚያ ውስጥ በሙያው ያለን ሰዎች «ኤስ አር ኪው» የምንለው ባለ 20 ጥያቄ ቅጽ አለ።

ቅጹ የዓለም ጤና ድርጅት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በታዳጊ አገሮች ጤና ተቋማት ውስጥ፣ በአካል ሕመም ስም የሚመጣውን የመንፈስ ጭንቀት ለመለየት ካስጀመረው ሥራ የወጣ ነው። የአጠቃቀም መመሪያው በ1994 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ጥያቄዎቹ ሁሉ መልሳቸው «አዎ» ወይም «የለም» ስለሆነ ማንበብ የማይችል ሰው ቢነበብለት ይመልሳል። የሚጠይቁት ስላለፉት 30 ቀናት ብቻ ነው። «አዎ» የተባለው ተቆጥሮ ይደመራል፤ ብዙ ጊዜ 8 እና ከዚያ በላይ የመጣለት ሰው ረጋ ተብሎ ይታይ ይባላል፤ መለያ ነጥቡ ግን እንደ አገሩና እንደ ተጠያቂው ከፍም ዝቅም ይላል። ድምሩ የበሽታ ስም አይደለም። «ይህን ሰው በፓራሲታሞል አትሸኘው» የሚል ምልክት ነው።

ቅጹን የምወደው ስለ አጀማመሩ ነው። «ታዝኛለሽ ወይ?» ብሎ አይነሣም። ራስ ምታት አለ ወይ ይላል፤ የምግብ ፍላጎት፣ እንቅልፍ፣ መደንገጥ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ እያለ ይሄዳል። ሐዘን የሚጠየቀው ዘጠነኛው ላይ ነው። የእኛ ሰው ጭንቀቱን የሚናገረው በአካሉ ነው። ራሴን ይወቅረኛል፣ ውስጤን ያቃጥለኛል፣ ሆዴን ያላውሰኛል ይላል። «ከፍቶኛል» ብሎ ሐኪም ዘንድ የመጣ ሽማግሌ በሥራ ዘመኔ አላየሁም፤ ወገቡን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ በራስ ምታት በር መግባት ትክክል ነው፤ ሰውየው ራሱ የቆመው እዚያ በር ላይ ስለሆነ።

በዚያ የጥር ቀን እንዴት እንደጠየቅኋት ግን ሳስበው ያመኛል። ደጅ ላይ ሰው ተሰልፏል። በሩ ገርበብ ብሎ ክፍት ነው። ቅጹን ፊቴ ዘርግቼ፣ ዓይኔን ከወረቀቱ ሳላነሣ፣ እንደተጻፈው አነበብኩላት። «ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ ብዙ ጊዜ ራስዎን ያምዎታል?» የመጣችው ለራስ ምታት ነው! እርሷ ግን «የለም ልጄ፣ አልሐምዱሊላህ» አለች። እንቅልፍዎስ? «የለም፣ ደህና ነው።» ከአምስተኛው በኋላ ጥያቄው ሳያልቅ «የለም» ማለት ጀመረች፤ እኔም ሳታልቅ ምልክት ማድረግ ጀመርኩ። ከሦስት ደቂቃ በታች ጨረስን። ድምሩ ዜሮ። ፓራሲታሞል ጻፍኩላት።

ያን ቀን የሆነው ምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሰላምታ ነበር የተለዋወጥነው። እኛ ስንገናኝ እንጠያየቃለን፤ ደህና ነሽ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ጤና ነው፣ ሙቀቱ እንዴት ያደርግሻል እንላለን። መልሱም አብሮን ያደገ ነው፤ ክርስቲያኑ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሙስሊሙ አልሐምዱሊላህ። ይህ መልስ ውሸት አይደለም፤ ምስጋና ነው። የታመመም ያመሰግናል፣ ያዘነም ያመሰግናል። እኔ ከእርሷ ምስጋና ተቀብዬ «ምልክት የለም» ብዬ መዘገብኩት።

ሌላም ነገር አለ፤ አንቱታው። ቅጹ የተተረጎመው በእርስዎ ነው፤ ለአክብሮት ተብሎ እንደሆነ ይገባኛል። ድሬዳዋ ግን የአንተና የአንቺ አገር ናት። እዚህ ያደገ ሰው አባቱን አንተ፣ አያቱን አንቺ ይላል፤ ፍቅሩም አክብሮቱም ያለው በድምፁ ውስጥ ነው። ከመሐል አገር የመጣ ሰው መጀመሪያ ሲሰማው ይደነግጣል፤ ድሬዎች ሰው አያከብሩም ይላል። ሲኖር ይገባዋል። ለእኛ አንድ ሰው ድንገት «እርስዎ» ሲለን መሥሪያ ቤት መጣብን ማለት ነው፤ ግብር ነው ወይስ የቤት ቁጥር ነው ብለን እንቆጠባለን። እማማም ተቆጥባ ነበር። እኔም የዚሁ ከተማ ልጅ ሆኜ ወረቀቱን ስይዝ ወረቀቱን መሰልኩ።

ለትርጉም የሚደክሙትን ሰዎች አላቃልልም። መጠይቅ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ሲሄድ አንዱ ይተረጉመዋል፣ ሌላው ዋናውን ሳያይ መልሶ ይተረጉመዋል፣ ከዚያ ይነጻጸራል። እያንዳንዱ ቃል ያጨቃጭቃል። የሐርቫርዱ ሮናልድ ኬስለርና ባልደረቦቹ በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጡት፣ በአጭሩ ኬ 10 የሚባለው ባለ 10 ጥያቄ ቅጽ «ተረጋግቶ መቀመጥ እስኪያቅትሽ ድረስ መቅበጥበጥ» የሚመስል ነገር ይጠይቃል፤ መቁነጥነጥ ነው፣ መቅበጥበጥ ነው፣ ወይስ ቀልብ ማጣት? ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ይኸው ጥያቄ በኦሮምኛም፣ በሶማሊኛም፣ በሐረሪም መኖር አለበት፤ አንዳንዱ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስቱን እየቀላቀለ ነው የሚኖረው። በየትኛው ቋንቋ እንደሚያለቅስ ጠይቆ በዚያ መጠየቅ ይሻላል።

እዚህ አገር ቅጹን የሚያስቸግሩት ነገሮች ሌላም ናቸው። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። ከምሳ በኋላ ለበርጫ የተቀመጠ ሰው በቅጹ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንና አምስተኛውን «አዎ» ቢል አይደንቅም፤ ያልቃመ ዕለት ደግሞ ዱካኩ፣ ማለትም ቅዠቱ፣ ሌሊቱን ያስጨንቀዋል። አንድ የባጃጅ ሾፌር 9 አምጥቶ ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል ባወራን ኖሮ ብዬ ነበር የተመኘሁት፤ ሃያ ደቂቃ አወራን፤ ስለ ጫቱም ስለ ዕዳውም ነገረኝ። ጫቱ ነው ጭንቀቱን ያመጣው ወይስ ጭንቀቱ ነው ወደ ጫቱ የወሰደው? ቅጹ ይህን አይለይም፤ ሊለይም አልተሠራም። ረመዳን ሲሆን የምግቡ ጥያቄ ትርጉሙ ይለወጣል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ደግሞ ማን ይተኛል? ግቢ ውስጥ አልጋ ዘርግቶ ንፋስ የሚጠብቅ ከተማ ነው። ስለዚህ «እንቅልፍሽ እንዴት ነው?» ካልኩ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ፤ ነቅተሽ ምን ታስቢያለሽ? በሙቀት የነቃ ሰው ሙቀቱን ያማርራል። በሐሳብ የነቃ ሰው ዝም ይላል።

ሐምሌ ላይ እማማ እንደገና መጣች። ያኔም ራሷን ነበር ያመማት። ከሰዓት ነው፤ ከተማው ምሳ በልቶ ጥላ ፍለጋ የገባበት ሰዓት፤ ደጅ ላይ ሰው የለም። የጤና መድን መታወቂያዋን ስጠይቃት ጉልበቷ ላይ ያስቀመጠችውን ጥቁር ፌስታል መፍታት ጀመረች። ጥር ላይ ፌስታል አልያዘችም ነበር። ሁለት ፌስታል ነው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ገብቶ አፉ ከነጠላ ጥለት በተቀደደ ክር ታስሯል። ክሩን በጥርሷ ሳበችው። ውስጡ የቤት ካርታ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የልጆቿ የክትባት ካርድ (ልጆቿ አሁን ትልልቅ ናቸው)፣ ከጠርዙ ወርዛ የደረቀች አንዲት ፎቶግራፍ። እያንዳንዱን እያወጣች ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረች፣ መታወቂያውን ሰጠችኝ፣ ሌላውን መልሳ በዚያው ቅደም ተከተል ከታ አሰረችው።

«እማማ፣ ይህን ሁሉ ይዘሽ ነው የምትዞሪው?» አልኳት።

«ክረምት ነዋ» አለች።

ቅጹን አላወጣሁም። በሩን ተነሥቼ ዘጋሁት፤ ወንበሬን ከጠረጴዛው ጀርባ አንሥቼ አጠገቧ አኖርኩት። «ክረምት ምን ያደርግሻል?» አልኳት።

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በአንድ ሌሊት ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ የወሰደብንን የድሬ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከ250 በላይ ሰው ሞቷል። ደቻቱን የማያውቅ ሰው በበጋ ቢያየው ወንዝ ነው ብሎ አያምንም፤ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ያቋርጠዋል፣ ገበያ ይዘረጋበታል። ዝናቡ የሚጥለው ከላይ ደጋው ላይ ነው። እዚህ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ ውሃው ሊመጣ ይችላል። ለዚህ ነው ከላይ ደጋው ላይ ወዳለው ወደ ደንገጎ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር እዚህ ታች በደረቅ መሬት ላይ የቆመ ሰው ልቡ የሚሸበረው።

እማማ ያኔ ከታናሽ እኅቷ ጋር ነበር የምትኖረው። ጎርፍ መጣ ተብሎ ሲጮህ ሁለቱም ወጥተዋል። እኅቷ የቤቱን ወረቀት ብላ ተመለሰች። ከዚያ በላይ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ፎቶግራፏ የእኅቷ ናት።

ከዚያ በኋላ ነው ጥያቄዎቹን ያነሣሁት። ቅጹን አውጥቼ አሳየኋት፤ ለምን እንደምጠይቅ፣ መልሷን ማን እንደሚያየው ነገርኳት፤ ግን በአፌ፣ በአንቺ፣ እርሷ በምትናገርበት አነጋገር ጠየቅኋት። ትተኛለሽ? «ሐምሌና ነሐሴ? ጫማዬን አድርጌ ነው የማድረው።» ትደነግጫለሽ? «በር ሲንኳኳ።» ሥራሽስ? እንጀራ ጋግራ ለሱቆች ትሰጣለች፤ በእነዚህ ወራት ሊጡ እንደሚሻግትባት፣ መጋገሩን እንደምትረሳው ነገረችኝ። ይህች ሴት ጥር ላይ አልዋሸችኝም። ጥር ላይ ስላለፉት 30 ቀናት ነው የጠየቅኋት፤ ከታኅሣሥ እስከ ጥር ደግሞ ደቻቱ አሸዋ ነው። የጥር ወር ራስ ምታቷ ግን የት ይሄዳል? እርሱን ስጠይቃት ሳቀችና «ያኔ አሞኝ ነበር፤ አንቺ ግን ቸኩለሽ ነበር» አለችኝ። ስለዚህ መልሱ አንድ አይደለም። ከፊሉ ወሩ ነው፤ ከፊሉ እኔ ነኝ።

አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ስንደርስ ቀስ አልኩ። ሕይወትን ስለ ማጥፋት ሐሳብ የሚጠይቀው ነው። ብዙ ባልደረቦቼ ይዘሉታል፤ ያላሰበችውን እንዳናሳስባት ብለው ይፈራሉ። ይህ ፍርሃት ከደግነት የመጣ ነው፤ ግን ስሕተት ነው። መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ እንደማይተክል በጥናት ታውቋል፤ እንዲያውም ብዙ ሰው ሲጠየቅ ነው ሸክሙ የሚቀለው። ጠየቅኋት። ጥቂት ዝም ብላ «ራሴን ላጠፋ አላሰብኩም፤ አላህ ይጠብቀኝ። ግን ያኔ እኔንም ቢወስደኝ እላለሁ» አለች።

ቅጹ ላይ «አዎ» እና «የለም» የሚል ሁለት ሳጥን ብቻ ነው ያለው። ይህ መልስ የትኛው ውስጥ ይገባል? «አዎ» ላይ ምልክት አደረግሁ፤ ቃሏን እንዳለ በኅዳጉ ላይ ጻፍኩት፤ ከዚያ መጠየቄን ቀጠልኩ። ሐሳቡ መቼ መቼ ይመጣል፣ አሁን ይሰማሻል ወይ፣ ልታደርጊው ያሰብሽው ነገር አለ ወይ፣ ሲመጣብሽ ማን አጠገብሽ አለ? ያሰበችው ነገር አልነበረም። አጠገቧ ያለችው ጎረቤቷ ናት፤ ከፍ ያለ ቦታ ትኖራለች፤ በክረምት ሌሊት ሰማዩ ሲያጉረመርም እማማ እርሷ ቤት ሄዳ ታድራለች፤ ጠዋት አብረው ቡና ይጠጣሉ።

ይህን ያገኘሁት ስለ መከራዋ ብቻ ባለመጠየቄ ነው። «ደብሊው ኤች ኦ 5» የሚባል በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ አጭር መጠይቅ አለ፤ አምስቱም ጥያቄዎቹ ስለ መልካም ነገር ናቸው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ደስ ብሎሽ ነበር ወይ፣ ልብሽ ተረጋግቶ ነበር ወይ፣ ብርታት ነበረሽ ወይ፣ ስትነሺ ዐርፈሽ ትነሻለሽ ወይ፣ ቀንሽ በምትወጂው ነገር የተሞላ ነበር ወይ ይላል። ነጥቡ በ4 ተባዝቶ ከ100 ይታሰባል። እማማ በድምሩ ዝቅተኛ ነበረች። የመጨረሻውን ስጠይቃት ግን ስለ ጎረቤቷ ቡና አሥር ደቂቃ ነገረችኝ፤ ፊቷ በራ። ከቁጥሩ ይልቅ ያ አሥር ደቂቃ ምን እንደማደርግ አሳየኝ።

ስለ መጠይቆች ካነሣሁ አይቀር፣ በ1972 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ዴቪድ ጎልድበርግ ያወጣው፣ ዛሬ ባለ 12 ጥያቄው አጭሩ በብዛት የሚሠራበት ቅጽ መልሶቹ «ከወትሮው የተሻለ»፣ «እንደ ወትሮው»፣ «ከወትሮው ያነሰ» በሚል መንገድ የተቀመጡ ናቸው። በቅርቡ የተናጋውን ሰው ጥሩ አድርጎ ያወጣዋል። ጭንቀቱ ወትሮው የሆነበትን ሰው ግን ሊያመልጠው ይችላል። በየክረምቱ ጫማዋን አድርጋ የምታድር ሴት «እንቅልፍሽስ?» ብትባል «እንደ ወትሮዬ» ትላለች። እውነቷን ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የሚቀበል ሰው ሳይኖር መጠየቅ ልክ አይደለም። ለጥናት ወይም ለሪፖርት ተብሎ ቤት ለቤት ተዙሮ 20 ጥያቄ ተጠይቆ፣ «አዎ» ያለችው ሴት በሯ ላይ ቆማ ቀርታ ስትታይ ልቤ ያዝናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. የጀመረው፣ እንደ እኛ ያለ ተራ የጤና ባለሙያ ለአእምሮ ሕመም የመጀመሪያውን እርዳታ እንዲሰጥ የሚያሠለጥን መርሐ ግብር አገራችንም ገብቷል፤ የሠለጠነ ሰው ያለበት ጤና ጣቢያ አለ፣ የሌለበትም አለ። ቅጹን ከማባዛት በፊት መልሱን ይዞ የሚቀመጥ አንድ ሰው፣ የሚዘጋ አንድ በር፣ ሃያ ደቂቃ መኖሩ ይረጋገጥ። ከሌለ፣ ቢያንስ የት እንደሚላክ በስልክ ተጠይቆ ይታወቅ።

እማማን በአእምሮ ጤና ወደ ሠለጠነው ባልደረባዬ ራሴ ወሰድኳት። እየተመላለሰች አየችው፤ ሐኪም ቤትም አንድ ጊዜ ተልካ ተመልሳለች። ጎረቤቷንም በፈቃዷ ጠርተን ሰማዩ ሲጠቁር ሳይመሽ እንድትወስዳት ተነጋገርን። ራስ ምታቷ ጠፍቷል አልልም፤ ካርዷ ላይ ግን ፓራሲታሞል ብቻውን አይጻፍም።

መስከረም ላይ ስንለያይ የቀጠሮ ካርድ መሙላት ነበረብኝ። አሠራሩ በየሦስት ወሩ ነው፤ ታኅሣሥን ጻፍኩ። ከዚያ ከሥሩ «ሰኔ 25» ብዬ ጨመርኩ፤ ዝናቡ ሳይበረታ። እማማ ካርዱን ተቀብላ ቀኑን ጮክ ብዬ እንዳነብላት አደረገች። ከዚያ ፌስታሉን ቤት ትታው መምጣቷን ረስታ መሰለኝ፣ ጉልበቷን ዳሰሰች፤ ፌስታሉ አልነበረም። ካርዱን አራት ላይ አጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። «ስገባ ከወረቀቶቹ ጋር አደርገዋለሁ» አለችኝ።